በፌስታል የመጣው ፀጉር

ሥራዬ ፀጉር ነው። እጄን ያፍታታሁት ገና ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈራችንን ሴቶች ሹሩባ እየሠራሁ ነው። የሚጸየፍ ሰው እዚህ ሥራ ውስጥ አይገባም። ፎረፎሩንም፣ ቅማሉንም፣ ለወራት ሳይታጠብ የከረመ ሹሩባ ሲፈታ የሚወጣውን ሽታም አይቻለሁ። አንዱም ምሳዬን አስጥሎኝ አያውቅም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ምሳዬን ስላስጣለኝ አንድ ቀን ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ናይሮቢ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ካሳራኒ በሚባል ሰፈር ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጋፍቼ መሃል ከተማ እወርድና እትዬ ዘውዴ ሳሎን እሠራለሁ። እትዬ ዘውዴ ውለታቸው አለብኝ። መታወቂያ ሳይኖረኝ ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ፖሊስ መንገድ ላይ ይዞኝ ለምነው ያስለቀቁኝም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሳሎን ብወጣ የምገባበት እንደሌለኝ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ካሮል የምትባል ደንበኛ ነበረችን። ፓርክላንድስ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምትሠራ፣ ሳቂታ ኬንያዊት ናት። የዚያን ቀን ጠዋት በሩን እንደከፈትን ጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች። ከእትዬ ጋር ጓዳ ገብተው ጥቂት ተነጋገሩና ፀጉሯን እንኳ ሳትሠራ ተመልሳ ሄደች።

«ምሕረት!» ብለው ጠሩኝ እትዬ ዘውዴ። «ነይ እስቲ፣ ይሄን አጥበሽ አስጪልኝ። ሂውማን ሄር ነው። ሕንዶቹ ቤተ መቅደስ ሄደው ሲላጩ የሚሰበሰበው ነው አለች። ነጭ ስለሆነ በኋላ ጥቁር ቀለም እናስገባለታለን።»

ፌስታሉን ፈታሁት። እኛ የምንገዛው ፀጉር ተበጥሮ፣ ተደርድሮ፣ በላስቲክ ታስሮ ነው የሚመጣው። ሽታ የለውም፤ ቢኖረውም የመድኃኒት ሽታ ነው። ይኼኛው እንደተጠቀለለ ነበር። ሴቶች ከኋላ እንደሚጠቀልሉት ጉንጉን፣ ሳይፈታ፣ ከነቅርጹ። ብርማ ነጭ ነው። የኮኮናት ዘይት ይሸታል፤ ከዘይቱ ሥር ደግሞ አንድ የማውቀው ሽታ አለ፣ ሰው ሲተኛበት ያደረ ትራስ የሚሸተው ዓይነት።

ሳፋው ውስጥ ነከርኩት። ውሃው ቀስ እያለ ቀላ። መጀመሪያ ቀለም መሰለኝ። ጉንጉኑን ገልብጬ የተቆረጠበትን በኩል ሳይ ግን ፀጉሩ በመቀስ ወጥ ሆኖ አልተቆረጠም፤ ተገዝግዟል። አንድ ቦታ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ የደረቀች ቆዳ ተጣብቃበታለች። ደሙ የመጣው ከዚያ ነው።

እጄን ከውሃው አወጣሁ። እንደምንም ራሴን ይዤ ጉንጉኑን ልፈታው ስሞክር ጣቴን አንድ ነገር ወጋኝ። ስስብ ወጣ፤ ትንሽዬ የእንጨት ሚዶ ነች። ከአጠቃቀም ብዛት ጥርሶቿ ለስልሰዋል።

ልላጭ ብሎ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ሚዶውን አያወጣም? ፀጉሯን በፈቃዷ የምትሰጥ ሴት ጉንጉኗን አትፈታም? ሚዶዋን ጨብጬ በጓዳ በር ወጣሁ።

ከሳሎናችን አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጃያንቲባይ የሚባሉ ሕንዳዊ ሽማግሌ አሉ። ሚዶዋን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ባባ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አውርደው አዩዋትና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ከየት አገኘሻት?»

«ከቤተ መቅደስ ከመጣ ፀጉር ውስጥ።»

«አይደለም» አሉ። «ስለት ኖሮብን ቤተ መቅደስ ሄደን የምንላጨው እኛ ሂንዱዎቹ ነን። ይቺ የካላሲንጋ ናት።» ናይሮቢ ውስጥ ባለ ጥምጥሞቹን ሲኮች ካላሲንጋ ነው የሚሏቸው። «እነሱ ከተወለዱ እስኪሞቱ ፀጉር አይቆርጡም። ይቺን ሚዶ ፀጉሩ ውስጥ የሚሰካ ደግሞ ለእምነቱ ቃል የገባ ሰው ነው። ልጄ፣ ይሄ ፀጉር የተሰጠ አይደለም። የተወሰደ ነው።»

ተመልሼ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው። ሳፋውን አሳየኋቸው። አዩት። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ በጨው አስለቅቂዋ! ደም በጨው ይለቃል።»

«እትዬ፣ ከሰው ላይ የተገፈፈ ነው እኮ!»

«አንቺ ገፈፍሽው? እኔ ገፈፍኩት? አንቺ ያጠብሽው ፀጉር ሁሉ ከማን ራስ እንደመጣ ታውቂያለሽ? በይ ሥራሽን ሥሪ፤ ዛሬ ሙሽራ አለብን።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሳፋው ላይ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ለፀጉር ቀለም ቁጥር የሚመርጡ ነበር የሚመስሉት። እኚህ ሴት ዓርብና ረቡዕን የሚጾሙ፣ ቅዳሴ የማይቀርባቸው ሴት ናቸው። ያን ሰዓት ከሳፋው ይልቅ እሳቸው ቀፈፉኝ።

ፀጉሩን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ከወጣሽ አትመለሺ» አሉኝ። ወጣሁ።

ጃያንቲባይ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ካሮል ወደምትሠራበት ቤት እንደምሄድ ስነግራቸው አድራሻውን ጠየቁኝና «የካላሲንጋዎቹ ቤተ መቅደስ ውስጥ የማውቃቸው ሴቶች አሉ፤ እደውልላቸዋለሁ» አሉ።

ማታቱ ውስጥ ጥቅልሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ይጮሃል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፎጣውን አይታ «ሕፃን ነው እንዴ?» አለችኝ። ጥቅልሉን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

የመንከባከቢያው ቤት ግቢ አበባ በአበባ ነው። አስካሪው፣ ማለትም ዘበኛው፣ ካሮልን ጠራልኝ። ቻፓቲ እያኘከች፣ እየሳቀች ወጣች። ፎጣውን ስታይ ሳቋ ቆመ።

«አብደሻል እንዴ? ለምን እዚህ አመጣሽው?»

«የማን ነው?»

«የአንዲት ሾሾ ነው። አሮጊት ናት፤ ጭንቅላቷ ሄዷል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ እኮ ሥቃያችንን አታውቂም። ስናጥባት የውስጥ ሱሪዬን አላወልቅም ብላ ትጮሃለች። አዲሱን በአንድ እግሯ ካላስገባች አሮጌውን ከሌላው እግሯ አታወጣም፤ እንዲህ ዓይነት እብደት አይተሽ ታውቂያለሽ? የብረት አምባሯን እናውልቅ ስንል ነከሰችን። የገባች ዕለት ደግሞ ከቀሚሷ ሥር ቢላ አገኘንባት! ሾሾ ከነቢላዋ!»

«ፀጉሯስ?»

«ፀጉሯማ መከራ ነው። ለማጠብ፣ ለማድረቅ፣ ለመጎንጎን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ልጇ በስልክ ቁረጡት አለ። ሕጋዊ ነው፣ ልጇ ነው ያዘዘው። ማስተኛ መርፌ ወጋናትና ቆረጥነው። ቆሻሻ ላይ ከሚጣል ብዬ ነው እኔ ያመጣሁላችሁ።»

አንዲት ነገር አልሰወረችኝም። የምትደብቀው ነገር እንዳላት አልገባትም። የቀረችውን ቻፓቲ አፏ ውስጥ ከትታ ጣቷን ላሰች። እኔ በዚያ ጣት የተያዘውን መቀስ አሰብኩ።

«አስገቢኝ» አልኳት። «ካላስገባሽኝ በቀጥታ ሲኮቹ ዘንድ ነው የምሄደው።»

አስገባችኝ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። ወለሉ በዲቶል ተወልውሏል። አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። አንሶላ ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተከናንበዋል። አጠገባቸው ያለው ገንፎ አልተነካም፤ ዝንብ ይዞርበታል።

«አልጨረሳችሁም እንዴ?» አሉ፤ ሳይዞሩ፣ በጠራ ስዋሂሊ። «ምን ቀረኝ?»

ስማቸውን ካሮል ነግራኛለች። ሃርባንስ ካውር ይባላሉ፤ ሰው ግን ቢጂ ነው የሚላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ እማማ እንደማለት ነው። እዚሁ ናይሮቢ ተወልደው ያረጁ ሴት ናቸው። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ሚዶዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ጣታቸው አወቃት። ዓይናቸው ሳያያት ጣታቸው ቀድሞ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከዚያ ፎጣውን ገልጬ ጉንጉኑን ሰጠኋቸው። ደረታቸው ላይ አደረጉት። አላለቀሱም። ቀስ ብለው ተወዛወዙ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ምሕረት እባላለሁ። ኢትዮጵያዊት ነኝ። ፀጉር ሠሪ ነኝ።»

አፋቸው ተጣመመ፤ ሳቅ መሆኑ ነው። «ፀጉር ሠሪ ላኩብኝ!» ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን ጥቁር ክር አዩ። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ማተብ ነው እማማ። ክርስቲያን መሆኔን የማሳይበት ነው።»

«ተኝተሽ ሳለ ቢበጥሱብሽ?»

እጄ ወደ ማተቤ ሄደ። እኛ አገር ሰውን «ማተብ የለህም?» ካልነው ከዚያ የባሰ ስድብ የለንም። ሕሊና የለህም፣ ቃል የለህም ማለታችን ነው። እኔ ግን አንድ ሰው የሌላውን ማተብ በመርፌ አስተኝቶ ይበጥሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያኔ ነገሩኝ። ጉንጉኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ልጅ እያስረዱ።

«ፀጉሩ የእኔ አይደለም፤ ፈጣሪ የሰጠኝ ነው። እንደሰጠኝ መልሼ አስረክበዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሚዶዋ ደግሞ የተሰጠሽን አታጎሳቁዪ የምትል ናት፤ ጠዋትና ማታ አበጥርበታለሁ። አምባሩ» አሉና እጃቸውን ከአንሶላው አወጡ፤ አንጓቸው በልዟል፣ «ወርቅ እንዳይመስልሽ፣ ብረት ነው። እጅ ክፉ ሊሠራ ሲል መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሱሪው የንጽሕና ነው፤ ልብሴን ሁሉ ቢገፍፉኝ እሱ ካለ እርቃኔን አይደለሁም። ለዚህ ነው አንዱን እግሬን ሳላስገባ ሌላውን የማላወጣው። ቢላ የሚሉት ኪርፓን ይባላል። ሰው ሲበደል እያየሽ ዝም አትበዪ ማለት ነው እንጂ ለመውጋት አይደለም። እጄን ይዘው የነጠቁኝ ዕለት እንኳ አንድ ሰው አልጫርኩበትም።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አምስቱንም እንደ እብደቴ ምልክት ቆጠሩብኝ። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ልጄ ሁሉንም ያውቃል። ሕፃን ሆኖ ፀጉሩን በዚች ሚዶ ያበጠርኩለት እኔ ነኝ። እሱም አልነገራቸውም።»

ይህን እያሉ ሳለ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ሱፍ የለበሰ፣ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ነው። ካሮል ከኋላው ቆማለች።

«ማሚ!» አለ፤ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ። «እንዴት ነሽ? አሁን ቀለለሽ አይደል?»

አንሶላውን ከራሳቸው ላይ ገለጠው። ያኔ ነው ያየሁት። የተጨፈጨፈ ራስ፣ እዚህ ነጭ ቁራጭ፣ እዚያ ባዶ ቆዳ፣ ከጆሯቸው በላይ ቁስል። እሱም አየው። ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ውሻ እንደሚዳበስ ራሳቸውን ዳበሳቸው። እሳቸው ተሸማቀቁ። እሱ እጁን መለሰና መሐረብ አውጥቶ ጣቶቹን ጠረገ፤ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ። የእናቱን ራስ ነክቶ እጁን ጠረገ!

«ይቺ ማናት?» አለ።

«ፀጉር አስተካካይ ናት፣ ጌታዬ» አለች ካሮል ቶሎ ብላ። «ልታስተካክልላቸው ነው።»

«ጥሩ። በደንብ አሳጥሪላት፤ ይሄ ያስቀይማል።»

«አልነካቸውም» አልኩ። «እርስዎ ሃይማኖታቸው መሆኑን ያውቃሉ።»

በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ በጨዋነት፣ በፈገግታ። «እህት፣ የንጽሕና ጉዳይ ነው። ፀጉር ብቻ ነው፤ ያድጋል። እናቴ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ቢጂ። በስዋሂሊ ነው የተናገሩት፤ ካሮልም እንድትሰማ። «ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጅህ ሲምራን ትናንት ልደቷ ነበር፤ አላመጣሃትም። ቁርስ ያልበላሁት ስላበድኩ አይደለም። ሌላም ጠይቀኝ።»

በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው በር ሳይ ነጭ ሻሽ የተከናነቡ ሁለት ሴቶች ከአስካሪው ጋር ሲከራከሩ አየሁ። ጃያንቲባይ ደውለዋል ማለት ነው።

«እማማ፣ ከቤተ መቅደሳችሁ ሰዎች መጥተዋል» አልኳቸው።

«አንሺኝ» አሉኝ።

አልጋው ራስጌ ላይ የተሰቀለውን፣ ነጠላ የመሰለውን ሻሻቸውን አንስቼ ራሳቸውን ሸፈንኩላቸው፤ ቁስሉን እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ። ጉንጉኑን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ በሌላው ክንዴን ተደግፈው ቆሙ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆመ።

«ማሚ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

«እኔ ነኝ ያሳፈርኩህ?» አሉት። ጥያቄ ነበር፤ ቆመው መልስ ጠበቁ። ከበሩ ዘወር አለላቸው።

ኮሪደሩ ማለቂያ ያለው አልመሰለኝም። የሌሎቹ ክፍሎች በር አንድ በአንድ ተከፈተ፤ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ቆመው ያዩናል። ቢሮው ጋ ስንደርስ ቢጂ ቆሙና ወደ ካሮል ዞሩ። «አደራዬን ስጪኝ።» ካሮል ከአለቃዋ መሳቢያ ውስጥ አውጥታ ሰጠቻቸው። ያ ሁሉ ጫጫታ የተነሳበት ቢላ ከመዳፌ የማይበልጥ፣ አፎቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ ተከትሎን የመጣው ልጃቸው አስካሪውን «አትክፈት!» ብሎ ጮኸበት። አስካሪው እሱን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አሮጊቷን አያቸው።

«ማማ፣ መውጣት ትፈልጊያለሽ?»

በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ፈቃዳቸውን ሲጠይቃቸው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አዎ ልጄ፣ እፈልጋለሁ።»

ከፈተ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሲያቅፏቸው ሻሹ ተንሸራተተና ራሳቸው ታየ። አንደኛዋ ሴት የራሷን ሻሽ አውልቃ ደረበችላቸው። ያኔ ነው ቢጂ ያለቀሱት። እኔ ወደ አጥሩ ዞሬ አስታወክሁ።

ቢጂ ከሴቶቹ በአንደኛዋ ቤት ኖሩ። ቃላቸው የፈረሰ መስሏቸው ነበርና ቁስላቸው እንደዳነ የእምነታቸው ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ። «ቃሉን ያፈረሰው የቆረጠው ነው እንጂ የተቆረጠባት አይደለችም» እንዳሏቸው እሳቸው ራሳቸው በደስታ ነገሩኝ። እሑድ እሑድ ቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ለመጣ ሰው ሁሉ በሚሰጠው ማዕድ ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው ምስር ያበሉኝ ነበር። ፀጉራቸው ትከሻቸው ሳይደርስ አረፉ። ሴቶቹ ያን ጉንጉን አስከሬናቸው ላይ አደረጉት፤ አስከሬኑ እንደ ሲኮቹ ወግ ሲቃጠል አብሯቸው ተቃጠለ።

እኔ እትዬ ዘውዴ ጋ አልተመለስኩም። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ቤት ለቤት እየዞርኩ ሹሩባ ስሠራ ብዙ ተቸገርኩ፤ ፖሊስም ከአንድ ጊዜ በላይ ያዘኝ። ግን የተገዛ ፀጉር ሰው ራስ ላይ ሰፍቼ አላውቅም። የማንን እንደያዝኩ ሳላውቅ እጄ እሺ አይለኝም። የምሠራው የራሷን ፀጉር ለምታሠራ ብቻ ነው፤ እሷንም ከመንካቴ በፊት እጠይቃታለሁ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ አሮጊት እናት ወይም አባት ለሰው አደራ የሰጣችሁ፣ «አላወልቅም፣ አልሰጥም፣ አትንኩኝ» ሲሉ ስትሰሙ እብደት ከማለታችሁ በፊት ለምን ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እያወቃችሁ ዝም ካላችሁ ግን ምን እንደምላችሁ አላውቅም።

አስከሬናቸው በተቃጠለበት ዕለት ልጃቸው መጥቶ ነበር። ራሱ ላይ ብርቱካንማ ሻሽ አስሯል። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ሲያጽናናው ቆይቶ እኔ ወዳለሁበት መጣ። «ለማሚ ያደረግሽውን አልረሳም፤ አመሰግናለሁ» አለኝና እጁን ዘረጋልኝ።

የዘረጋውን እጅ አየሁት። ጥፍሮቹ የተስተካከሉ፣ ንጹሕ እጅ ነው። ሰዎች ያዩናል። ይቅር ማለት የክርስቲያን ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢጂም ይቅር ብለውታል፤ ሳይሞቱ ነግረውኛል። እሳቸው ይችላሉ፤ የተጨፈጨፈው ራስ የእሳቸው ነበር። እኔ ሁለቱንም እጆቼን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና እጁ እንደተዘረጋ ትቼው ሄድኩ።